ጎረቤት ቡና ለመጥራት ከከተማው ብር መጠየቅ፦ የሞከረ ሰው አለ?

ጀበናዬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሲያትል፣ ራይነር ቢች ነው የምኖረው። ህንፃችን ሦስት ፎቅ ነው፣ 42 ቤት አለው። አራት ዓመት ኖሬበት በስሙ የማውቀው ጎረቤት አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ያወቅኩት ፖስታዬ በስህተት እሱ ሳጥን ውስጥ እየገባ ስለሚያመጣልኝ ነው።

ከሁለት ወር በፊት ቅዳሜ ጠዋት ቡና ስቆላ የጭስ ማንቂያው ጮኸ። መጮሁ አዲስ አይደለም፣ በፎጣ አራግቤ ዝም አሰኘዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ብልጥ ነኝ ብዬ በሩን ከፍቼ ጭሱን ወደ ኮሪደሩ ለቀቅኩት። የህንፃው ማንቂያ ተነሳ። ሰዉ ሁሉ በፒጃማ ወጣ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። እኔ የቡና መቁያዬን እንደያዝኩ ደጅ ቆሜያለሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

የሚገርመው ማንም አልተቆጣኝም። አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ ጠጋ ብለው መቁያውን አሸተቱና ሳቁ። የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመች ቤተሰቦቻቸው አገር ቤት ቡና ያለሙ እንደነበር ነገሩኝ። ሁለት የሶማሌ እናቶች ደግሞ "ቡን! ቡን!" እያሉ መጡ። ለካ እነሱም ቡን ነው የሚሉት። መኪናው ከሄደ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባ መስሎኝ ነበር፣ ግን ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆመን አወራን።

በሳምንቱ ጀበናዬን ይዤ ከህንፃው ኋላ ያለው ግቢ ወረድኩ። 11 ሰው መጣ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ 25 እንደርሳለን። ሲኒ አይበቃም፣ ወንበር የለም፣ ዝናብ ሲመጣ (ሲያትል ነው፣ ይመጣል) እንበተናለን።

ሥራ ቦታ አንዷ ከተማው ለእንዲህ ዓይነት ነገር ትንሽ ብር ይሰጣል አለችኝ። እውነት ነው? ድርጅት የለኝም። ፕሮፖዛል ጽፌ አላውቅም። እንግሊዝኛዬም የቢሮ እንግሊዝኛ አይደለም። ደግሞ ብር ሲገባበት ነገሩ ይበላሽ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ በናታችሁ።

ባለ ራይነር፦

እህቴ፣ መቁያውን ይዘሽ የቆምሽበት ጋ ስደርስ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰው ዞሮ አየኝ።

እውነት ነው፣ ይሰጣል። ኔበርሁድ ማቺንግ ፈንድ ይባላል። የከተማው የሰፈሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው የሚያስተዳድረው፣ ከ1988 ጀምሮ አለ። ፍሪሞንት ሰፈር አውሮራ ድልድይ ሥር ያለውን፣ ቮልስዋገን በእጁ ጨብጦ የተቀመጠውን ግዙፍ የትሮል፣ የተረት ጭራቅ ማለቴ ነው፣ ሐውልት ታውቂዋለሽ አይደል? እንግዳ በመጣ ቁጥር ወስደን ፎቶ የምናነሳበትን? እሱ 1990 ላይ ሲሠራ ከዚሁ ፈንድ ብር ገብቶበታል።

ትንሹ ክፍል ስሞል ስፓርክስ ይባላል፣ እስከ 5,000 ዶላር ነው። ትልቁ እስከ 50,000 ይደርሳል፣ እሱ ለመጫወቻ ሜዳ ማደሻና ለመሳሰለው ነው፣ እርሺው። ለትንሹ የተመዘገበ ድርጅት መሆን የለብሽም። ጎረቤቶች ተሰባስባችሁ እንደ ቡድን ታመለክታላችሁ። መጠኑና ቀኑ ሊቀያየር ስለሚችል ከመሙላትሽ በፊት ደውይላቸው። ለመደወል አትፍሪ፣ ሰው ያነጋግርሻል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችያለሽ።

ዋናው ነገር ግን "ማቺንግ" የሚለው ቃል ነው። ከተማው ብር ያመጣል፣ እናንተ ደግሞ የድርሻችሁን ታመጣላችሁ። የእናንተ ድርሻ የግድ ብር አይደለም። ጉልበት ይቆጠራል። አንቺ ጀበና ይዘሽ የተቀመጥሽበት ሰዓት፣ ሽማግሌው ወንበር የተሸከሙበት፣ የልጅ ልጃቸው በራሪ ወረቀቱን በሦስት ቋንቋ የጻፈችበት፣ ሁሉም በሰዓት ተተምኖ ይገባል። ሰው የለገሰው ዕቃም እንደዚያው። እኔ መጀመሪያ ስሰማ "ይሄማ ደቦ ነው" አልኩ። ልዩነቱ ደቦ ላይ ጠላ ይቀርባል፣ እዚህ የሚቀርበው የፊርማ ወረቀት ነው።

እና የፊርማ ወረቀቱ ነው የሚያስቸግረው። እኛ ሰፈር አንድ ደረጃ ነበር፣ ቁጥቋጦ ውጦት ማንም የማይሄድበት። እሱን ልናጸዳ ተሰባሰብን። አንዲት እናት ለሠራተኛው ምሳ ብለው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፉ ዋሉ። ማታ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። "ምንድነው?" አሉኝ። የሠሩበትን ሰዓት ይጻፉና ይፈርሙ አልኳቸው። "ለጎረቤት የከተፍኩትን ሽንኩርት ልቆጥር? ነውር አይደለም እንዴ!" ብለው ተቆጡኝ። እማማ ፊርማዎ እኮ ብር ነው ብላቸው ባሰባቸው። በኋላ ልጃቸው ለምና አስፈረመቻቸው። ያውም ለአንድ ሰዓት ብቻ። ሁለቱን ሰዓት እምቢ ብለው አስቀሩት።

ስለዚህ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ቀን አስለምጂ። ከሲኒው ጎን ይቀመጥ። በኋላ ማስታወስ አይቻልም።

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። ዝግጅቱ ነፃና ለማንም ክፍት መሆን አለበት። "ለህንፃችን ሰው ብቻ" ካልሽ አይሆንም፣ ከመንገድ ማዶ ያለውም ይምጣ። ሌላው፣ ከመፈቀዱ በፊት የገዛሽው ዕቃ አይከፈልልሽም። ዛሬ ሄደሽ ሲኒ እንዳትገዢ።

ያገር ልጅ፦

ይቅርታ ግን ለሲኒ መግዣ ደጅ መጥናት ምን የሚሉት ነው?

25 ሰው አለሽ። አምስት አምስት ዶላር ቢያዋጡ 125 ዶላር ነው። ሲኒውም ረከቦቱም ከነቆሎው ይገዛል። እናቶቻችን ማህበር ሲጠጡ ፎርም ሞልተው ነበር? ጽዋው ከቤት ቤት ሲዞር በጀት ያጸደቀ አለ? ከውጭ ብር የመጣ ቀን ሰው "ማን በላው" ማለት ይጀምራል። ከዚያ ቡናው ይቀርና ስብሰባው ይቀጥላል። አይቻለሁ።

የሜሪላንድ እናት፦

ያገር ልጅ ግማሽ እውነት አለው። ግማሿን እኔ ልሙላ፣ ደርሶብኛልና።

ለልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ማንበቢያ ጀምረን ነበር። ስድስት ቤተሰብ፣ በየተራ በየቤታችን። ጥሩ ነበር። ከዚያ ከአንድ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ 2,000 ዶላር ተፈቀደልን። ዘለልን። እልልም ያልን መሰለኝ።

ብሩ ቀድሞ የሚገባ መስሎን ነበር። ለካ መጀመሪያ እናንተ አውጡ፣ ሪሲት አምጡ፣ ከዚያ እንመልሳለን ነው። ማን ያውጣ ሲባል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ አየ። እኔ ካርዴን አወጣሁ። 1,400 ዶላር አራት ወር ሙሉ ካርዴ ላይ ተቀመጠ፣ ወለዱን ማንም አልከፈለልኝም። ሪሲቶቹን መኪናዬ ውስጥ ፖስታ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኳቸው። የሜሪላንድን ነሐሴ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስከፍተው ግማሹ ነጭ ወረቀት ሆኗል፣ ቀለሙ በሙቀቱ ጠፍቷል። ያለ ሪሲት 310 ዶላር ከሰርኩ።

ይሄም ባልከፋ። ድርጅት ስላልነበርን ገንዘቡን የሚቀበልልን ሌላ የተመዘገበ ማህበር ፈለግን፣ ፊስካል ስፖንሰር የሚሉት። እነሱም ለሥራቸው ከመቶ የተወሰነ ይወስዳሉ። ነውር አይደለም፣ ግን አስቀድመን ለቤተሰቦቹ አልነገርናቸውም ነበር። "2,000 አይደል የተባለው? የቀረው የት ገባ?" ተባለ። ሁለት ቤተሰብ አኮረፈ። ልጆቹ አሁንም እርስ በርስ ይደዋወላሉ፣ እናቶቹ ግን ሰላምታ ብቻ ሆነናል።

ስለዚህ እህቴ፣ ከመፈረምሽ በፊት ብሩ ቀድሞ ነው ወይስ በኋላ ብለሽ ጠይቂ። ሪሲት እንደተቀበልሽ እዚያው ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ፎቶ አንሺ። ፎቶውን ደግሞ ለሁሉም በጋራ ግሩፑ ላኪ፣ የሎሚም ቢሆን። ይሰልቻቸዋል፣ ይሰልቻቸው። የተሰለቸ ሰው አይጠረጥርም።

ቫንኩቨር ዝናብ፦

እዚህ ቫንኩቨር ከዚያ ቀለል ያለ አለ። ኔበርሁድ ስሞል ግራንትስ ይባላል፣ ቫንኩቨር ፋውንዴሽን በ1999 የጀመረው ነው። እስከ 500 የካናዳ ዶላር። በቃ። ለድርጅት ሳይሆን ለነዋሪ ነው የሚሰጠው። የሚያነቡትና የሚመርጡትም የዚያው ሰፈር ነዋሪዎች ናቸው። እኔ አንድ ጊዜ ከመራጮቹ አንዷ ሆኜ ነበር፣ እዚያ ያየሁትን ልንገርሽ።

ጥሩ እንግሊዝኛ አያስመርጥም። እውነቴን ነው። "የማህበረሰብን ትስስር በዘላቂነት ለማጎልበት" ምናምን የሚል ማመልከቻ ስናነብ ሁላችንም ስልካችንን እናይ ነበር። አንዲት ሴትዮ ግን "ከፎቄ በላይ ያሉት ባልቴት ሦስት ቀን ታመው ማንም አላወቀም፣ ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ሾርባ እሠራለሁ፣ ድስት ያስፈልገኛል" ብላ ጻፈች። ሰዋሰዉ የተሰባበረ ነበር። ሁላችንም አንድ ላይ አዎ አልን።

አንቺ የጭስ ማንቂያውን ታሪክ ጻፊ። እዚህ የጻፍሽውን ራሱን። ከዚያ የሚያስፈልግሽን ዕቃ በዋጋው። ሌላ ምንም አትጨምሪ።

ደግሞ ጥቂት ጠይቂ። 5,000 ስለተባለ 5,000 አይጠየቅም። የሰው ብዛትና ብሩ ካልተመጣጠነ ያስታውቃል።

የጀሞ ልጅ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ። እያነበብኩ እየቀናሁ ነው በጣም።

እዚህ ለትንንሽ ነገር የሚሰጥ የለም ማለት ሳይሆን ትንሽ የሚባለው ራሱ ለእኛ ትልቅ ነው። የጃፓን ኤምባሲ ለመሠረታዊ ፕሮጀክቶች ይሰጣል፣ ክፍል መገንቢያ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የሕክምና ዕቃ ለመሳሰለው። የካናዳም አለ። ግን ለግለሰብ አይሰጡም፣ ፈቃድ ያለው ድርጅት መሆን አለብህ፣ ኦዲት አለ፣ ሪፖርት አለ። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለን አስር ወጣቶች የጋራ ህንፃውን፣ ኮሚናሉን ማለቴ ነው፣ የልጆች ማንበቢያ እናድርገው ብንል ለመጽሐፍ መደርደሪያ 30 ሺህ ብር የሚሰጥ አላገኘንም። 3 ሚሊዮን ብንጠይቅ ይሻል ነበር መሰለኝ።

በመጨረሻ ወደ እድሩ ሄድን። የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ "እድር ለቀብር ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ብሩ የተዋጣው ለዚያ ነው፣ ለሌላ ማውጣት ጉባኤ ይጠይቃል። ግን ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ለቅሶ ከሌለ ቆሞ ነው የሚውለው። እሱን ቅዳሜ ከሰዓት ፈቀዱልን። ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ነበር፣ ለቅሶ ከመጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንስታችሁ ታስረክባላችሁ። ሁለት ጊዜ ደርሶብናል። ልጆቹ ራሳቸው ወንበሩን ተሸክመው ለቀስተኛ አነጠፉ። ከዚያ ወዲህ እድሩ ውስጥ የሚቃወመን የለም፣ መደርደሪያውንም አንዱ አባል አናጢ ስለሆነ በእንጨቱ ዋጋ ብቻ ሠራልን።

እና ያገር ልጅ፣ መዋጮ የሚለውን እስማማለሁ። ግን አንተ 5 ዶላር ያልከው እኛ ጋ ሲመነዘር መዋጮ ሳይሆን የወር አስቤዛ ነው የሚነካው።

ሾርባው፦

እኔ ዲትሮይት ኖሬያለሁ፣ እዚያ ዲትሮይት ሱፕ የሚባል ነበር። 2010 ላይ የተጀመረ። በር ላይ 5 ዶላር ትከፍላለህ፣ ሾርባና ሰላጣ ይሰጡሃል። አራት ሰዎች ተራ በተራ ተነስተው ለሰፈሩ ሊሠሩ ያሰቡትን ይናገራሉ፣ ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ። ከዚያ እየበላን እናወራለን፣ ድምፅ እንሰጣለን፣ በር ላይ የተሰበሰበው ብር በሙሉ ያሸነፈው ይወስደዋል። ፎርም የለም፣ ሪሲት የለም። ያላሸነፈውም ባዶ እጁን አይሄድም፣ አጠገቡ የተቀመጠው "እኔ አካፋ አለኝ" ይለዋል።

ኦሰም ፋውንዴሽን የሚባልም አለ፣ ቦስተን 2009 የጀመረ። አስር ሰው በየወሩ መቶ መቶ ዶላር ያወጣሉ፣ ሺውን ጥሩ ሐሳብ ላመጣ ሰው ይሰጣሉ። እንዲመልስ አይጠይቁም።

ያገር ልጅ፦

@ሾርባው ይሄ እቁብ ነው እኮ! ዕጣው በድምፅ መሆኑ ነው እንጂ። ይሄን እደግፋለሁ።

የሜሪላንዷን ሳነብ ደግሞ አዘንኩ። እኔም የጻፍኩት ተናድጄ ነበር። ማህበራችን በ600 ዶላር ምክንያት ነው የፈረሰው፣ እስካሁን ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ምናልባት ማንም አልወሰደውም፣ የጻፈው ሰው ስላልነበረ ነው። ጀበናዬ፣ ጻፊ። ደብተር ግዢ። ደብተሩን በራስሽ ብር ግዢው።

ባለ ራይነር፦

አንድ ነገር ረስቼ። ከቡና አልፈሽ ለሕዝብ ምግብ የምታቀርቢ ከሆነ የኪንግ ካውንቲ ጤና ቢሮ ፈቃድ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ ደውለሽ አጣሪ። ዝግጅቱንም ከሃይማኖት በዓል ጋር አታያይዢው፣ የከተማ ብር ለአምልኮ አይሆንም። እንቁጣጣሽ ብታደርጊው ግን ያምራል። ለሶማሌዎቹም ለቬትናሞቹም አዲስ ዓመት ነው ብሎ ማስረዳት ቀላል ነው፣ ቴትን፣ የቬትናሞቹን አዲስ ዓመት፣ የሚያከብር ሰው ሌላ ሰው አዲስ ዓመቱን በመስከረም ቢያከብር አይገርመውም።

ደግሞ እባክሽ ደጅ ቁዪ።

ጀበናዬ፦

አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ፣ ለሽማግሌው የልጅ ልጅም አስነበብኳት ማለት ነው፣ እየተረጎምኩላት። 16 ዓመቷ ነው። ፎርሙን እኔ እሞላዋለሁ አለችኝ።

ትናንት ማታ መወጣጫው ላይ ተቀምጠን ዕቃውን ጻፍን። ለዝናብ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ድንኳን፣ ስድስት ደርዘን ሲኒ፣ ደጅ ለመቁላት ትንሽ ቡታጋዝ፣ 20 ታጣፊ ወንበር። ደምረነው 900 ዶላር አልሞላም። ስለ ክፍያው ደውዬ እስክጠይቅ ካርዴን አላወጣም፣ የሜሪላንዷ እህቴ አስፈርታኛለች። ሰዓት የሚቆጥረው ፖስታዬን የሚያመጣልኝ ጎረቤቴ ሊሆን ተስማማ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር። ከሶማሌዎቹ እናቶች አንዷ ግን እንደ ባለ ራይነር እማማ ለመፈረም እምቢ ብላለች። ለወንበሩ ልጆቼን አመጣለሁ፣ ስሜን ግን ተዉኝ አለች። እንተዋታለን።

አሁን የቀረኝ አንድ ችግር ነው። ጀበናዬ የስድስት ሲኒ ነው። ለ25 ሰው አምስት ጊዜ እጥዳለሁ፣ ሦስተኛው ሳይደርስ የመጀመሪያዎቹ ይሄዳሉ። ሲያትል አካባቢ ትልቅ ጀበና የሚያውሰኝ አለ?

ባለ ራይነር፦

አለኝ። የእናቴ ነው፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል ግን አያፈስም። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይዤው እመጣለሁ። የትኛው ህንፃ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የመጣሁበትን ሰዓት ደግሞ መዝግቢልኝ።